አይጥ እያለ ለምን እንቁራሪት?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የባዮሎጂ 3ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጆን ገርደን የሚባል ሳይንቲስት እንቁራሪት ክሎን እንዳደረገ (ከአንድ ሴል ኒውክለስ ግልባጯን እንደሠራ)፣ በዚሁ መንገድ የተገኘችው ዶሊ የምትባለዋ በግ ግን ከዚያ 30 ዓመት አልፎ እንደተወለደች ተማርን። ትምህርቱ ቶሎ ስለታለፈ ብዙ ነገር አልገባኝም። ለምን እንቁራሪት ተመረጠች? አሁን ዘረመልን ቆርጦ መለወጫው ክሪስፐር እያለ፣ አይጥና ዚብራፊሽ የምትባለው ትንሽ ዓሣም እያሉ፣ ዛሬም ትፈለጋለች? ደግሞስ እኛ አገር ኩሬ ውስጥ የምትጮኸዋ እንቁራሪት ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ትሆናለች? የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ እየፈለግኩ ስለሆነ ነው።

ምላሽ፦ እህቴ፣ ሦስቱንም እመልስልሻለሁ። የመጀመሪያው ላይ ግን ረዘም አድርጌ እቆያለሁ። እሱ ከገባሽ ሌላው አያስቸግርሽም።

አጭሩ መልስ እንቁላሏ ነው። የሰው እንቁላል ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ የአይጥም ከዚያ አይበልጥም። በየላብራቶሪው የምትረባው የአፍሪካ ባለጥፍር እንቁራሪት፣ በሳይንሳዊ ስሟ ዜኖፐስ ሌቪስ፣ የምትጥለው እንቁላል ግን 1.2 ሚሊሜትር አካባቢ ይሆናል። 12 እጥፍ ብቻ እንዳይመስልሽ። በይዘት ሲሰላ ከ1,500 እጥፍ ይበልጣል። በዓይን ይታያል፣ በመርፌ ይወጋል፣ ይቆረጣል። መቁረጫው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዘንግ ጫፍ ላይ የተለጠፈ የቅንድብ ፀጉር ነው። ቀልድ አይደለም። ውድ ማይክሮስኮፕ በተደረደረበት ክፍል ውስጥ ዛሬም በቅንድብ ይሠራል።

ብዛቱም አለ። አንዲት ሴት በአንድ ጊዜ ከ1,000 በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ሳህን ላይ የወንዱን ዘር ስትጨምሪበት ሁሉም አብረው ይዳቀላሉ፣ እኩል ያድጋሉ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ እያንዳንዱ ለሁለት ይከፈላል። ከዚያ በየግማሽ ሰዓቱ መከፈል ነው። በማግስቱ ጠዋት ስትመለሺ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ቦታ ተለይቶ ታገኚዋለሽ። የአይጥ ጽንስ ግን ማህፀን ውስጥ ነው። እሱን ለማየት እናቲቱን መግደል አለብሽ፤ የምታገኚውም አሥር ገደማ ጽንስ ነው።

ከሁሉም በላይ እኔን የሚገርመኝ ስንቁ ነው። እናቲቱ ልጇን ሩቅ አገር እንደምትልክ ሰው ሁሉን ቋጥራ ነው የምትለቀው። ፕሮቲኑም፣ የዘረመልን ትእዛዝ የሚያደርሰው አር ኤን ኤውም፣ በዚያ ትእዛዝ ፕሮቲን የሚሠራው ሪቦዞሙም፣ ምግቡም እንቁላሉ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጽንሱ በፍጥነት 12 ጊዜ ይከፈላል፣ 4,000 ሴል ገደማ ይደርሳል። እስከዚያ ድረስ የራሱ ዘረመሎች አብዛኞቹ ገና ሥራ አልጀመሩም። ለተመራማሪ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ከጽንሱ ላይ ቁራጭ አንስተሽ ተራ የጨው ውሃ ውስጥ ብታስቀምጪው በሕይወት ይቆያል። እያንዳንዱ ሴል ምግቡን ይዞ ነዋ የተቆረጠው! ከላይኛው ጫፍ የተነሳው ቁራጭ ብቻውን ሲተው ቆዳ ይሆናል። ከታችኛው ክፍል ጋር ሲጣበቅ ግን ጡንቻና ደም ያወጣል። አንዱ ሴል ለሌላው መልእክት እንደሚልክ በዓይንሽ አየሽ ማለት ነው። ውሃው ውስጥ አክቲቪን የሚባለውን ፕሮቲን ብትጨምሪም ቁራጩ መንገዱን ይቀይራል። የሚሆነውን የሚወስነው መጠኑ ነው፤ አነስ ሲል ጡንቻ፣ በዛ ሲል ደግሞ የአከርካሪ ቀዳሚ የሆነው ዘንግ ይወጣል።

ታዲያ እንቁራሪት በየአገሩ ሞልታ ሳለ ለምን የደቡብ አፍሪካዋ? ይህን ያመጣው የእርግዝና ምርመራ ነው። ላንስሎት ሆግበን የሚባል እንግሊዛዊ የእንስሳት ተመራማሪ በ1920ዎቹ መጨረሻ (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው) ኬፕታውን ያስተምር ነበር። አንጎል ሥር ካለው የበሬ ፒቱታሪ ዕጢ የተጨመቀ ፈሳሽ ሴቷን ዜኖፐስ ሲወጋት እንቁላል መጣሏን አየ። በ1930ዎቹ ውስጥ ይኸው ወደ ምርመራ ተለወጠ። የሴት ሽንት ከእንቁራሪቷ ቆዳ ሥር ይወጋል። ሴትየዋ ነፍሰ ጡር ከሆነች ሽንቷ ውስጥ ኤች ሲ ጂ የተባለው ሆርሞን አለ። እንቁራሪቷም ብዙ ጊዜ በ12 ሰዓት ውስጥ እንቁላል ትጥላለች። ከዚያ በፊት የነበረው ምርመራ አይጥ ወይም ጥንቸል አርዶ ዕንቁልጢዋን ማየትን ይጠይቅ ነበር። ይቺ ግን አትሞትም፤ አርፋ እንደገና ትሠራለች። እስከ 1960ዎቹ ድረስ በአውሮፓና በአሜሪካ ሆስፒታሎች የዜኖፐስ ገንዳ የተለመደ ነገር ነበር።

ባዮሎጂስቶች በዚህ በኩል ነው ያገኟት። የአውሮፓና የአሜሪካ እንቁራሪቶች እንቁላል የሚጥሉት በዓመት አንድ ወቅት ነው። ያ ካለፈ ሥራሽን ዘግተሽ ዓመት ትጠብቂያለሽ። ዜኖፐስን ግን ማታ ሆርሞኑን ወግተሽ ጠዋት እንቁላል ትሰበስቢያለሽ፤ በጋ ክረምት ብሎ ነገር የለም። ዛሬም በየላብራቶሪው የሚወጋው ያው የእርግዝና ሆርሞን ነው።

አሁን ወደ ገርደን። በ1952 ፊላደልፊያ ውስጥ ሮበርት ብሪግስና ቶማስ ኪንግ ኒውክለሱ (ዘረመሎቹ ያሉበት የሴሉ ክፍል) በወጣለት የእንቁራሪት እንቁላል ውስጥ የሌላ ሴል ኒውክለስ አስገብተው ማሳደግ ቻሉ። የተጠቀሙት በሰሜን አሜሪካዋ እንቁራሪት ራና ፒፒየንስ ነበር። ገና ካልተለየ ጽንስ የተወሰደው ኒውክለስ ሠራ። ከፍ ካለ ጽንስ የተወሰደው ግን በአብዛኛው ከሸፈ። ስለዚህ ሴል ሥራው ሲለይ ኒውክለሱም የማይመለስ ለውጥ ያደርጋል ብለው ደመደሙ። በያዙት ማስረጃ ምክንያታዊ ድምዳሜ ነበር።

ገርደን ያኔ ኦክስፎርድ ውስጥ የሚካኤል ፊሽበርግ የዶክትሬት ተማሪ ነው። የእንቁላሉን የራሱን ክሮሞዞሞች በአልትራቫዮሌት ጨረር አጠፋ። ጨረሩ በዚያው እንቁላሉን የሸፈነውን ሙጫ መሰል ነገር ስላሳሳው መርፌው መግባት ቻለ። ሁለተኛው ዕድል የበለጠ ነው። እዚያው ላብራቶሪ ውስጥ በሴሎቿ በሁለት ፈንታ አንድ ኒውክሊዮለስ (ኒውክለስ ውስጥ የሚታይ ነጥብ) ብቻ ያላት ዝርያ ተገኝታ ነበር። ኒውክለስ ሰጪዋ ከዚህች ዝርያ ከሆነች የሚወለዱትም ባለ አንድ ይሆናሉ። «የእንቁላሉ ኒውክለስ ሳይጠፋ ቀርቶ ቢሆንስ?» ለሚል ተጠራጣሪ መልሱ ማይክሮስኮፕ ሥር ነው። ክፍል ውስጥ ይህ መዘለሉ ያሳዝነኛል፤ ሙከራውን ሙከራ ያደረገው እሱ ነው።

በ1962 ያወጣው ጽሑፍ የታድፖል አንጀት ሴል ኒውክለስን ይመለከታል። ታድፖል የምንለው ጭራ ያለውን፣ ገና እግር ያላወጣውን የእንቁራሪት ልጅ ነው። ከ726 ዝውውር ውስጥ ደህና ሆነው መብላት የጀመሩ ታድፖሎች 10 ነበሩ። ከ100 ሁለት እንኳ አይሞላም። ግን የአንጀት ሴል ኒውክለስ ሙሉ እንስሳ የሚሠራበትን መረጃ እንደያዘ ለማሳየት ይህ በቂ ነበር። ከአንጀት ኒውክለስ አድገው ልጅ የወለዱ እንቁራሪቶችም በ1966 ተዘገቡ። የኖቤል ሽልማቱ የመጣው በ2012 ነው፣ ከጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ ጋር። ያማናካ ተራ የቆዳ ሴልን በአራት ዘረመሎች ብቻ ወደ ኋላ፣ የጽንስ ሴል ወደሚመስል ሁኔታ መመለስ ችሎ ነበር።

ዶሊ ለምን ዘገየች ላልሽው፣ አንደኛው ምክንያት ያው መጠን ነው። በ0.1 ሚሊሜትር እንቁላል ላይ ይህን መሥራት ሌላ ዓይነት መሣሪያ ይጠይቃል። ከዚያም ጽንሱን ማህፀን ውስጥ አስቀምጠሽ እስኪወለድ ትጠብቂያለሽ። ንጽጽሩ ራሱም ትክክል አይደለም። ከበግ ጽንስ ሴል ኒውክለስ ተወስዶ ጠቦት የተወለደው በ1980ዎቹ ነው። ዶሊን ለየት ያደረጋት ከአዋቂ በግ የጡት ሴል መምጣቷ ነው። ሐምሌ 1996 (በፈረንጆቹ) ስኮትላንድ ተወለደች፤ ከ277 የተሞከሩ እንቁላሎች የተገኘችው እሷ ብቻ ናት። ገርደን ከአዋቂ እንቁራሪት ሴል በወሰደው ኒውክለስ የደረሰው እስከ ታድፖል ብቻ ነው። በዚህ በኩል በጓ እንቁራሪቷን ቀድማለች።

ክሎኒንግ ስሙን ስላገነነው እንጂ የእንቁላሉ ጥቅም ከዚያ ሰፊ ነው። የእንቁራሪት እንቁላል ከሌላ እንስሳ የመጣ አር ኤን ኤ ሲወጋበት ታዝዞ ፕሮቲን ይሠራል። ፒተር አግሬ ይህን የተጠቀመበት መንገድ ከማውቃቸው ሙከራዎች ሁሉ የሚያምረው ነው። አግሬ ቀይ የደም ሴል ላይ የማይታወቅ ፕሮቲን አገኘ። ውሃ የሚያሳልፍ በር ይሆን ብሎ ጠረጠረ። የእንቁራሪት እንቁላል ኩሬ ውስጥ ተጥሎ የማያብጠው ውሃ በቀላሉ ስለማያስገባ ነው። የፕሮቲኑን አር ኤን ኤ ወጋበትና ንጹህ ውሃ ውስጥ ጨመረው። እንቁላሉ በደቂቃዎች ውስጥ አብጦ ፈነዳ። ያልተወጋው ባለበት ቀረ። ይህ በ1992 ታተመ፤ ፕሮቲኑ አኳፖሪን ተባለ፤ በ2003 የኬሚስትሪ ኖቤል አስገኘ። ማንም ሰው ቆሞ በዓይኑ ሊያየው የሚችል ውጤት ነው።

ሌላ አንድ ልጨምርልሽ። አይጥ ላይ የጡት ካንሰር የሚያስነሳ ዘረመል በ1982 ተለይቶ ነበር፤ ዛሬ ዊንት1 ይባላል። በጤናማ እንስሳ ውስጥ ሥራው ምን እንደሆነ ግን ግልጽ አልነበረም። በ1989 ተመራማሪዎች አር ኤን ኤውን የእንቁራሪት ጽንስ ውስጥ ወጉት። ባለ ሁለት አከርካሪ ታድፖሎች ወጡ። ያው መልእክት ጽንስ ላይ የጀርባን ቦታ ይወስናል፣ ከልክ ሲያልፍ ደግሞ ካንሰር ያመጣል። በሰው የትልቁ አንጀት ካንሰር አብዛኛው ከዚሁ የመልእክት መስመር መበላሸት ጋር የተያያዘ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ዕድገት ጥናት ነው። ወደ ጄኔቲክስ ስንመጣ ዜኖፐስ ሌቪስ አስቸጋሪ ናት። ለመራባት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል። ይባስ ብሎ ጂኖሟ፣ ማለትም ጠቅላላ የዘረመል ስብስቧ፣ ድርብ ነው። ከ17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሁለት ዝርያዎች ተዳቅለው የሁለቱንም ሙሉ ክሮሞዞም ይዛ ቀረች። 36 ክሮሞዞም አላት። በ2016 ጂኖሟ ሲነበብ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ዘረመሎች ዛሬም ጥንድ ጥንድ ሆነው ተገኙ። አንዱን ብታጠፊ ሌላው ሥራውን ይሸፍናል። ለጄኔቲክስ ሰው ይህ ራስ ምታት ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ዝንብና ዚብራፊሽ ሜዳውን የያዙት በዚህ ምክንያት ነው።

መፍትሔው ከምዕራብ አፍሪካ መጣ። ዜኖፐስ ትሮፒካሊስ አነስ ትላለች፣ 20 ክሮሞዞም ብቻ አላት፣ ጂኖሟ ድርብ አይደለም፣ ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ለመራባት ትደርሳለች። ጂኖሟ የታተመው በ2010 ነው። ክሪስፐር ወደ እንቁራሪት የመጣው ወዲያው በ2013 ነው። እዚህ ላይ ነው አይጥ የማትሰጥሽን የምታገኚው። ጽንሱ ሁለት ሴል ሲሆን በአብዛኛው አንዱ ሴል የግራ ጎን፣ ሌላው የቀኝ ጎን ይሆናል። ክሪስፐሩን አንዱ ሴል ውስጥ ብቻ ከወጋሽ፣ ግማሽ አካሉ የተለወጠ፣ ግማሽ አካሉ ጤነኛ የሆነ ታድፖል ይወጣል። ማነጻጸሪያሽ ያው እንስሳ ራሱ ነው። ሲፈጠሩ ጀምሮ የልብ ችግር ካለባቸው ሕጻናትና ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች የሚገኙ ተጠርጣሪ ዘረመሎች አሁን በዚህ መንገድ እየተፈተሹ ነው። አይጥ ላይ ወራት የሚወስደውን እዚህ በቀናት ታያለሽ። የታድፖል ቆዳም የሰው የአየር ቧንቧ ላይ እንዳሉት ዓይነት የሚርገበገቡ ጥቃቅን ፀጉሮች አሉት። ሳንባ ሳትከፍቺ የሳንባን ችግር ታጠኚበታለሽ።

የማትሆንበትም አለ። የእንግዴ ልጅን፣ የጡት ወተትን ወይም ውስብስብ ባህሪን ማጥናት ለሚፈልግ እንቁራሪት አትረባም። እዚያ አይጥ ትሻላለች። ብዙ ትውልድ እያዳቀለ ዘረመል ለሚፈልግ ደግሞ ዚብራፊሽ ይቀለዋል። እንቁራሪት ከዓሣ የምትበልጠው እንደ እኛ ሳንባና አራት እግር ስላላት፣ በዝምድናም ስለምትቀርበን ነው።

ሦስተኛው ጥያቄሽ ጋ ደረስን። ዜኖፐስ እኛም አገር አለች። ዜኖፐስ ክሊቪ የምትባለው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋ ትገኛለች፤ ለሳይንስ የተመዘገበችው በ1898 ነው። እሷም እንደ ሌቪስ 36 ክሮሞዞም አላት። ዜኖፐስ ላርጌኒ ደግሞ በደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ብቻ የምትኖር ናት፣ በ1995 ተሰየመች። በ2011 የወጣ ጥናት የክሊቪን ዲ ኤን ኤ አይቶ ስምጥ ሸለቆው ምሥራቁንና ምዕራቡን እንደለያያቸው አሳይቷል። የምትለይበት ቀላል ነው። ጠፍጣፋ ናት፣ ዓይኗ ወደ ላይ ያያል፣ ምላስ የላትም፣ በኋላ እግሯ ሦስት ጣቶች ላይ ጥቁር ጥፍር አላት፣ ኑሮዋ ውሃ ውስጥ ነው። ክረምት ሲገባ ኩሬ ዳር ስትጮህ የምትሰሚያት ግን ብዙውን ጊዜ ሌላ ናት፤ ፕቲካዴና የሚባሉት የሣር እንቁራሪቶች ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱንም አቡ ዳቢ ያለው የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጂኖማቸውን ሲያጠኑ ቆይተዋል። በደጋችን ከፍታ እየተለያዩ ወደ ብዙ ዝርያ የተበተኑ ናቸው።

ለመመረቂያ ጽሑፍሽ ክሪስፐር አልመክርሽም። ሪኤጀንቱ (የሙከራው ኬሚካል) ከውጭ እስኪገባ ትመረቂያለሽ። የዕድገት ጥያቄ ግን በሳህን፣ በቴርሞሜትርና በተራ ማይክሮስኮፕ ይሠራል። ለምሳሌ የውሃ ብክለት። የዜኖፐስን ጽንስ ለ96 ሰዓት የተበከለ ውሃ ውስጥ አቆይቶ የአካል ጉድለትን መቁጠር በዓለም የታወቀ ፈተና ነው። ጅማ አካባቢ ከቡና ማጠቢያ የሚወጣው ወይም ዝዋይ አካባቢ ከአበባ እርሻ የሚወርደው ውሃ ጽንስ ላይ ምን ያደርጋል የሚለው ጥሩ ጥያቄ ነው። ሌላው አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ነው። በ1912 ጉደርናትሽ የሚባል ተመራማሪ ታድፖሎችን የታይሮይድ ዕጢ ሲመግባቸው ጊዜያቸው ሳይደርስ እንቁራሪት ሆኑ። ሆርሞኑ ሲጠፋ ደግሞ ታድፖሉ እያደገ ታድፖል እንደሆነ ይቀራል። የዚሁ ዕጢ እብጠት የሆነው እንቅርት በሚበዛበት አገር ይህን ርዕስ የሚያነሳ ተማሪ አለመብዛቱ ይገርመኛል።

ከኩሬ እንቁላል ስትሰበስቢ መጀመሪያ የማን እንደሆነ ለዪ። ረጅም ገመድ መስሎ የተዘረጋው የጉርጥ ነው። ዜኖፐስ አንድ አንድ እያደረገች ቅጠል ላይ ነው የምታጣብቀው። የዕድገት ደረጃውን በሰንጠረዥ መዝግቢ፤ ለዜኖፐስ በ1956 የወጣው የኒውኩፕና ፋበር ባለ 66 ደረጃ፣ ለሌሎቹ በ1960 የወጣው የጎስነር ባለ 46 ደረጃ ይሆንሻል። የመጀመሪያው ሥዕሎች ዜንቤዝ የተባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ አሉ። ከመሰብሰብሽ በፊት በአማካሪሽ በኩል ከዱር እንስሳት ባለሥልጣን ፈቃድ ጠይቂ። ናሙና ወይም ዲ ኤን ኤ ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም ፈቃድ ያስፈልጋል። ላብራቶሪ የገባችን እንቁራሪት ወደ ኩሬ አትመልሺ። በዓለም ላይ ብዙ የእንቁራሪት ዝርያ የጨረሰው ኪትሪድ የተባለው ፈንገስ በውሃና በዕቃም ይተላለፋል። ስለዚህ ከአንዱ ኩሬ ወደ ሌላው ስትሄጂ ቦቲሽንና መረብሽን በበረኪና እጠቢና በደንብ አድርቂ።